ከሰል በእርግጥ ምንድን ነው? አንዱ ጆንያ እየጨሰ ሌላው የማይጨሰውስ ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የጀበና ወዳጅ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ቤት ከሰል የሚገዛው በጆንያ ነው። ባለፈው ወር የተገዛው ጆንያ ግን ለቡና በተቀጣጠለ ቁጥር ቤቱን በጭስ ይሞላዋል፤ ፍሙም እየተንጣጣ ብልጭታ ስለሚረጭ ምንጣፉን ሁለት ቦታ አቃጥሎታል። ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ አንዴ ከተያያዘ በኋላ ያለ ጭስ ቀይ ፍም ሆኖ ከአቦል እስከ በረካ ያደርስ ነበር። ሻጩን ስንጠይቀው «እንጨቱ ሌላ ስለሆነ ነው» ብሎ አለፈን።

ነገሩ ወደ ሌሎች ጥያቄዎች ወሰደኝ። እንጨት ሲነድ አመድ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ታዲያ ከሰል በእንጨትና በአመድ መካከል የቆመ ነገር ነው ወይስ ራሱን የቻለ ሌላ ነገር? አንድ ጊዜ የተቃጠለ ነገርስ እንዴት እንደገና ይነዳል? ታናሽ እህቴ ደግሞ ከሰል ለሆድ ሕመምና ለመመረዝ መድኃኒት ነው የሚል ጽሑፍ አንብባ፣ ከጆንያው ስብርባሪ ወስዳ ፈጭታ ልትጠጣ ስትዘጋጅ ደረስኩባት። የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ቁልፉ «አንድ ጊዜ የተቃጠለ ነገር እንዴት እንደገና ይነዳል?» የሚለው ነው፤ መልሱም ከሰል የተቃጠለ እንጨት አለመሆኑ ነው። ከሰል ማለት እንዳይቃጠል ተከልክሎ እንዲግል ብቻ የተደረገ እንጨት ነው።

አንድ ፍልጥ ሲነድ አስተውለው ይመልከቱት። ነበልባሉ የሚነሣው ከእንጨቱ ገላ ሳይሆን እንጨቱ በሙቀት ከሚተፋው ጋዝ ነው፤ አየር የሚያገኘው ጋዝ ይነዳል፣ ሳይነድ የሚያመልጠው ደግሞ ጭስ ሆኖ ዓይን ያስለቅሳል። እንግዲህ ይህን እንጨት አየር እንደ ልብ በማያገኝበት ቦታ አፍነን ብናግለው፣ ጋዙና ቅጥራን መሰሉ ፈሳሽ ወጥቶ ይሄዳል፣ ካርቦኑ ግን ኦክሲጅን ስላላገኘ ሳይነድ በቦታው ይቀራል። የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ነው። ማክሰል ማለት እነዚህን ሁለቱን አባርሮ ካርቦኑን ማስቀረት ነው ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም።

ሂደቱ ደረጃ አለው። በመጀመሪያ፣ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድን እያለፈ ወደ 200 እስኪጠጋ ድረስ፣ የሚወጣው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ እርጥብ እንጨት ብዙ ማገዶ የሚበላውም እዚህ ላይ ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ የእንጨቱ ሥሪት መፍረስ ይጀምራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሆምጣጤን የሚያኮመጥጠው አሲድና ሜታኖል ይወጣሉ። ወደ 280 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይሆናል፤ የሚፈርሰው እንጨት ራሱ ሙቀት መስጠት ስለሚጀምር ከውጭ ብዙ እሳት ሳይጨመርለት ወደ 400 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ከሰሉ በዚህ ጊዜ መልኩን ይዟል፤ ነገር ግን በውስጡ ገና ያልወጣ ቅጥራን አለ። ይህን ለማውጣት እስከ 500 ዲግሪ ድረስ መቆየት ያስፈልጋል። በሚገባ የከሰለ ከሰል ከክብደቱ ሦስት አራተኛውና ከዚያም በላይ ካርቦን የሚሆነው ያኔ ነው።

የእርስዎ ጆንያ ችግር ይህ ይመስለኛል። ቀድሞ የተቋረጠ ከሰል ቅጥራኑን በሆዱ ይዞ ይመጣና፣ በአክሳዩ ቦታ ማለቅ የነበረበትን ጭስ በእናትዎ ምድጃ ላይ ያወጣዋል። ለመፈተን አንዱን ሰብረው ይመልከቱ፤ ስባሪው ወደ ቡናማ የሚያደላ ከሆነ፣ ሁለቱን ሲያጋጩም እንደ ሸክላ ወይም እንደ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ በመስጠት ፈንታ እንደ እንጨት የደነዘዘ ድምፅ ከሰጡ፣ ገና አልከሰለም። የሚንጣጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የታፈነ እርጥበትና ጋዝ በድንገት ሲሞቅ ማምለጫ ፍለጋ ከሰሉን ስለሚሰነጥቀው ነው፤ ቅርፊት ያለበት ከሰል ይብሳል።

አመድ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። ዛፉ ከአፈር የሳበው ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላው ማዕድን ስለማይነድ ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚቀር ነው። «እሳት አመድ ወለደ» የሚለው አባባል ለአመድ ይስማማል፤ ከሰል ግን እሳት እንዳይደርስበት ስለተከለከለ የተገኘ ነው። የድንጋይ ከሰልም በስም እንጂ በትውልድ አንድ አይደለም፤ እርሱ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ከመሬት በታች ተጭኖና ግሎ የቆየ የዕፅዋት ቅሪት ነው፤ በአገራችን በያዩና በደልቢ አካባቢ ይገኛል።

መልስ፦ የአክሳይ ልጅ፣ አዲስ ቅዳም

መምህሩ በዲግሪ የተናገሩትን እኛ በጭስ ቀለም ነው የምናውቀው። እኔ ያደግኩት በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። በአካባቢያችን ከሰል የሚከስለው ከዱር ዛፍ ሳይሆን ዲከረንስ ከምንለው፣ ትውልዱ ከአውስትራሊያ ከሆነ የግራር ዘመድ ነው። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክለዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፣ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ገደማ ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል፤ ከዚያም መሬቱን እንደገና ያርሰዋል። ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለአፈር ከሚሰጡት ወገን ስለሆነ፣ የሚቀጥለው ሰብል የተሻለ እንደሚሆን አባቴ ሳይማር ያውቀው ነበር። ከሰሉ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ያደከመን ግን ጥበቃው ነው። እንጨቱ በልክ ተቆርጦ ጥቂት ሰንብቶ ከደረቀ በኋላ ክፍተት እንዳይኖረው ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ወፍራሙ ሙቀቱ ወደሚበረታበት ወደ መካከል ይሆናል። በላዩ ሣርና ቅጠል ይለብሳል፤ በሣሩ ላይ ደግሞ አፈር ይከመርበታል። እሳቱ በአንድ በኩል በተተወ አፍ ይገባል፣ ከተያያዘ በኋላ አፉ ይደፈናል፤ በግርጌ ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ እንደ ክምሩ ትልቅነት ሦስትም አራትም ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት፣ ሌትና ቀን መጠበቅ ነው። እንጨቱ ሲከስል ስለሚኮማተር አፈሩ ይሰምጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሳይደፈን አንድ ሌሊት ካደረ አየር ይገባና ጠዋት ላይ የምታገኘው አመድ ነው። የሰፈራችን ሰው ክምሩ ዳር ጎጆ ቀልሶ የሚያድረው ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ጭስ ይወጣል፤ ያ ውሃው ነው። ቀጥሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጭስ ይመጣል። በመጨረሻ ጭሱ ይሳሳና ሰማያዊ ይሆናል፤ ያኔ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል፣ ክምሩም ታፍኖ እንዲበርድ ይተዋል። ቢጫው ላይ የዘጋ ሰው፣ መምህሩ ያሉትን ቡናማ ከሰል ያገኛል። ይህን የሚያደርገው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም። ከሰል የሚሸጠው በሚዛን ሳይሆን በጆንያ ነው፤ በደንብ የከሰለ እንጨት ደግሞ የበለጠ ይኮማተራል። ቀድሞ የዘጋው ሰው ከዚያው እንጨት አንድ ሁለት ጆንያ ይተርፈዋል። የገዢው ዓይን ጆንያው መሙላቱን እንጂ ውስጡን ስለማያይ ነው።

ሻጩንም ሙሉ በሙሉ ሐሰተኛ አላደርገውም። የወይራና የአገር ግራር እንጨት ጠጣር ስለሆነ ከሰሉ ይከብዳል፣ ፍሙም ይቆያል፤ የባሕር ዛፍ ከሰል ቀለል ይላል፣ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ጭስን ግን የእንጨት ዓይነት ብቻ አያመጣውም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን ቅጠሉንና ቅርንጫፉን የሚያበላሽ፣ ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ደርቋል። በእሱ የተዳረ፣ ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ ሰው ሁሉ አሁን ምን ልትከል እያለ ነው።

መልስ፦ አረንጓዴ

የቀደሙት ጽሑፎች ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሒሳቡ አልተነሣም። በባህላዊው የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። አንድ ኪሎ ከሰል 30 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ሲሰጥ፣ በአየር የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት 15 ገደማ ይሰጣል። እንግዲህ 1,500 ሜጋ ጁል የነበረው 100 ኪሎ እንጨት ከሰል ሲሆን፣ 15 ኪሎ ቢገኝ እንኳ 450 ብቻ ይቀራል ማለት ነው፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆነው ጉልበት እዚያው ማሳ ላይ ጭስ ሆኖ ሄዷል። የከተማ ሰው ከሰልን «ንጹሕ ማገዶ» የሚለው ጭሱን ገጠር ላለው ሰው ትቶለት ስለመጣ ነው።

ስለዚህ እኔ ከሰል ጨርሶ ቢከለከል እመርጣለሁ።

መልስ፦ የአክሳይ ልጅ፣ አዲስ ቅዳም

ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ድምዳሜው ግን አያስኬድም። ክልከላው የሚጎዳው በገዛ ማሳው ተክሎ የሚቆርጠውን እንጂ በሌሊት የዱር ግራር የሚጨፈጭፈውን አይደለም፤ ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ ቃል መኮነን ተክሎ መሸጥ የጀመረውን ገበሬ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ደግሞም ከተሜው በመብራት መቆራረጥና በጋዝ ዋጋ መካከል ሆኖ የሚይዘው ነገር ከሰል ነው፤ ነገ ቢከለከል ዋጋው ይወደዳል እንጂ ምድጃው አይጠፋም።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

በሁለቱ መካከል ልግባና፣ ብክነቱ የከሰል ተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን የአሠራሩም ውጤት መሆኑን ልጨምር። ሴኔጋል ውስጥ ካዛማንስ በተባለው አካባቢ ስም የሚጠራ የተሻሻለ አሠራር አለ፤ ክምሩ ያው የአፈር ክምር ነው፣ ልዩነቱ ከበርሜል የተሠራ ጭስ ማውጫ ተደርጎለት አየሩ በክምሩ ሁሉ እኩል እንዲዞር መደረጉ ነው። በዚህ መንገድ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ከሰል ይገኛል፤ ጊዜውም ያጥራል። ማለትም ለአንድ ጆንያ ከሚቆረጠው ዛፍ ግማሽ ያህሉ ሊድን ይችላል። በምድጃም በኩል፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. የወጣው ላቀች የተባለው፣ ውስጡ ሸክላ ውጭው ቆርቆሮ የሆነው የከሰል ምድጃ ከቀድሞው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከሰሉን በሩብ ያህል ይቆጥባል፤ ሸክላው ሙቀቱ በጎን እንዳያመልጥ ስለሚይዘው ነው። እናትዎ የሚጠቀሙት የትኛውን እንደሆነ ባላውቅም መጠየቁ አይከፋም።

መልስ፦ ነርስ፣ ሜሪላንድ

እስካሁን ሁሉም ስለ ጭስ ተናገረ፤ እኔ የምፈራው ጭስ የሌለውን ነው። ጠያቂው ያለ ጭስ ቀይ ሆኖ እስከ በረካ ያደርሳል ብለው ያመሰገኑት ከሰል ከጭሳሙ ይልቅ ሰው ይገድላል፤ ምክንያቱም ጭሳሙ ያስለ​ቅስና በር ያስከፍታል፣ ጥሩው ግን አይታይም፣ አይሸትም።

በፍም ላይ አንዳንዴ የምትታየው ስስ ሰማያዊ ነበልባል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነድ ነው። ከምድጃው ግርጌ በገባው አየር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ከሰል መካከል ወደ ላይ ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ከላይ በቂ አየርና ሙቀት ሲያገኝ ይነዳል፣ ካላገኘ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይወጣል። አመድ የለበሰው፣ «በርዷል» ተብሎ አልጋ አጠገብ የሚቀመጠው ፍም ጋዙን ማውጣቱን አላቆመም። ጋዙ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚ በሆነው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ጉንፋን ወይም ድካም መስሎት ይተኛል፣ በዚያው ያሸልባል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያሉበት ቤት በተለይ ይጠንቀቅ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ቶሎ ወደ ነፋሻ ቦታ አውጥቶ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ጋዙ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በተራ አየር አምስት ሰዓት ገደማ ሲወስድበት በንጹሕ ኦክሲጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። በጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው ኦክሲጅን መለኪያ ይህን መመረዝ ስለማይለየው ቁጥሩ ደህና ነው ብሎ ሊያሳስት ይችላል፤ ስለዚህ ከሰል ክፍሉ ውስጥ እንደነበረ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል። እዚህ ባለንበት አገርም ክረምት ላይ መስኮት ዘግተው ለቡናና ለዕጣን ከሰል የሚያቀጣጥሉ ወገኖቻችን አሉ፤ ክብሪት ሲነካው ወዲያው የሚያያዘው ክብ ከሰል ማቀጣጠያ የተጨመረበት በመሆኑ በቀላሉ ይነዳል እንጂ ከዚህ ጋዝ ነጻ አይደለም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልቶ፣ ለዕጣኑም ከቤት ውጭ ማቀጣጠል ይሻላል፤ አያቶቻችንም ቡና ያፈሉ የነበረው ነፋስ በሚገባበት ጎጆ ውስጥ ነው እንጂ በታሸገ አፓርታማ አልነበረም።

አሁን ወደ እህትዎ ጉዳይ። ሆስፒታል ውስጥ ለአንዳንድ መመረዝ ከሰል እንደሚሰጥ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሱ የምድጃ ከሰል አይደለም። ከሰሉ ከ800 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በእንፋሎት ተፈትኖ ቀዳዳዎቹ እጅግ እንዲበዙ የተደረገ ነው፤ የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር ይደርሳል፣ ማለትም አንድ ሰፊ የአዲስ አበባ ግቢን ያህላል። መርዙ በዚህ ገጽ ላይ ይለጠፍና ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ለአዋቂ የሚሰጠው መጠን 50 ግራም ያህል ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመውም መርዙ በተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ለአልኮል፣ ለብረት ንጥረ ነገር፣ ለነዳጅ፣ ለበረኪናና ለአሲድ አይረዳም፤ በከፊል ራሱን ለሳተ ሰው ቢሰጥ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ያልከሰለ ከሰል ፈጭቶ መጠጣት ማለት ቅጥራን መጠጣት ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ እውነተኛውን እንኳ ያለ ሐኪም ቢወስድ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያን ጨምሮ የዋጠው ሁሉ ከከሰሉ ጋር ሊወጣበት ይችላል።

ጥያቄ፦ የጀበና ወዳጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ መልሱን በራሷ አንብባ ዱቄቱን ደፍታዋለች። ጆንያውን ግቢ ውስጥ ዘርግፈን አንድ በአንድ ሰበርነው፤ ከሢሶው በላይ ስባሪው ቡናማ፣ አንዳንዱም እምብርቱ ገና እንጨት ሆኖ ተገኘ። ከእንግዲህ ሳንሰብር አንገዛም። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ቡናማውን ምን እናድርገው? በስምጥ ሸለቆ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ጥርስ የሚያበላሸውን የጉድጓድ ውሃ በከሰል ማጣራት ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

ቡናማውን ደጅ ላይ እንደ ማገዶ ይጠቀሙበት፤ ለወጥ ወይም ለውሃ ማሞቂያ ይሆናል፣ ጭሱን ግን ነፋስ ይውሰደው። የዘመዶችዎ ውሃ ችግር ፍሎራይድ ነው፤ የእንጨት ከሰል ሽታንና ቀለምን ይይዛል እንጂ ፍሎራይድን በሚያስተማምን ደረጃ አይዝም። ለዚህ የሚሠራው የአጥንት ከሰል ነው፤ የከብት አጥንት አየር በተመጠነበት ምድጃ ሲከስል የሚቀረው ካልሲየም ፎስፌት ፍሎራይዱን ይስበዋል። በኢትዮጵያም በኬንያም በስምጥ ሸለቆ መንደሮች በማጣሪያ መልክ ተሠርቶበታል። አጥንቱ በትክክል ካልከሰለ ውሃውን ያሸተዋል፣ አቅሙም ከጊዜ በኋላ ስለሚያልቅ ይለወጣል፤ ስለዚህ በቤት ከመሞከር ይልቅ የተዘጋጀውን መፈለግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከማጣራት በፊት ውሃውን ማስለካት ይቀድማል።

መልስ፦ የአክሳይ ልጅ፣ አዲስ ቅዳም

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ከክምሩ ገና የወጣ ከሰል የጠፋ ቢመስልም አየር ሲያገኝ ከውስጡ እንደገና ሊግል ይችላል፤ እኛ አውጥተን ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት ዘርግተን ሳናሳድር ጆንያ ውስጥ አንከትም። ትኩስነቱ እጅ የሚሰማው ጆንያ ከመኪና ሲወርድ ካያችሁ አትግዙት፤ ከገዛችሁም ወደ ቤት አታስገቡት።